ኢንሹራንስ የሌለው ሹፌር መኪናችሁን ቢገጭ ማን ይከፍላል?

ቀይ መብራት ላይ ቆማችኋል። ከፊታችሁ ሁለት መኪና አለ፣ ሬዲዮው የራሱን ያወራል፣ የእናንተ ሐሳብ ሌላ ቦታ ነው። ድንገት ከኋላ ድው! ቡናው ጉልበታችሁ ላይ ተደፋ። ወርዳችሁ ስታዩ ፓራውልቱ ለሁለት ተሰንጥቋል፣ የኋላ መብራቱ ረግፏል፣ የሻንጣው ክዳን አልዘጋ ብሎ አፉን ከፍቷል። የገጫችሁ ልጅ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ቆሟል። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ስልኬን እያየሁ ነበር» ይላል። ሐቀኛ ልጅ ነው። ኢንሹራንሱን ስትጠይቁት ግን መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

«ባለፈው ወር ተቋርጦብኛል። እባክህ ወንድሜ፣ ፖሊስ አትጥራ፤ እኔው አሠራልሃለሁ።»

እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው መጀመሪያ ለራሱ የሚለው ይታወቃል። «ጥፋተኛው እሱ ነው፤ ስለዚህ እኔ ሰባራ ሳንቲም አላወጣም።» የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ችግሩ ያለው «ስለዚህ» ላይ ነው። ጥፋተኛ አለመሆን አንድ ነገር ነው፤ የተሰበረውን መኪና የሚያሠራ ገንዘብ ማግኘት ሌላ። በሁለቱ መሀል ያለውን ክፍተት የሚሸፍን ኢንሹራንስ አለ፤ ብዙ ሰው ግን ይኑረው አይኑረው አያውቅም።

ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው የአሜሪካን አሠራር የሚመለከት ነው፤ ይህ ሽፋን የራሱ ስም ወጥቶለት ለብቻው በብዛት የሚሸጠው እዚያ ስለሆነ። ሌሎች አገሮች እንዴት እንደሚያደርጉ ወደ መጨረሻው አካባቢ አለ።

## «እኔ እኮ ኢንሹራንስ አለኝ፤ አይከፍልልኝም?»

የትኛው ኢንሹራንስ? የመኪና ኢንሹራንስ ስንል አንድ ነገር ይመስለናል እንጂ በአንድ ወረቀት የታሰሩ የተለያዩ ውሎች ናቸው።

አንደኛው ላያቢሊቲ ነው፤ ሌላ ቦታ የሦስተኛ ወገን የሚባለው። እናንተ በሌላ ሰው ላይ ያደረሳችሁትን ጉዳት ይከፍላል። የሌላውን መኪና፣ የሌላውን አጥር፣ የሌላውን ሰው ሕክምና። የእናንተን መኪና አይነካም። ውሻ እንዳለው ሰው አስቡት፦ ጎረቤት እንዳይነክስብኝ ብላችሁ ሰንሰለት ገዝታችሁ አሰራችሁት። ጥሩ አደረጋችሁ። የእናንተ ሰንሰለት ግን የጎረቤትን ውሻ አይይዝም። ሁሉም የየራሱን ውሻ ካሰረ ማንም አይነከስም፤ አንዱ ካላሰረ ግን የተነከሰው ሰውዬ የራሱን ሰንሰለት ይዞ ቆሞ ይቀራል። ላያቢሊቲ ማለት ያ ሰንሰለት ነው።

ሁለተኛው ኮሊዥን ነው። ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ በግጭት የተጎዳውን የእናንተን መኪና ያሠራል። መጀመሪያ ግን ከኪሳችሁ የምታወጡት ድርሻ አለ፤ ይህን ዲዳክቲብል ይሉታል፣ ኤክሰስ የሚሉትም አሉ። ዲዳክቲብላችሁ 1,000 ዶላር ቢሆንና ጥገናው 4,600 ቢፈጅ፣ ኩባንያው 3,600 ይከፍላል፤ 1,000ው የእናንተ ነው።

ሦስተኛው ኮምፕሪሄንሲቭ ነው፦ ስርቆት፣ እሳት፣ በረዶ፣ ዛፍ ሲወድቅ። ስሙን ለሰማ ሁሉን ያቀፈ ይመስላል፤ ለመኪናና መኪና ግጭት ግን አይሆንም። ሰው እነዚህን ሦስቱን ደርቦ «ፉል ካቨሬጅ» ይላቸዋል። በነገራችን ላይ በዚህ ስም የተጻፈ ውል የለም። ኤጀንቱ «ፉል ነው ያለህ» ካለ «ፉል ውስጥ ምንና ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አራተኛው ዛሬ የመጣንበት ነው፤ እንግሊዝኛው አንኢንሹርድ ሞተሪስት ይለዋል። ኢንሹራንስ የሌለው ሹፌር ጉዳት ሲያደርስባችሁ የሚነሣ ሽፋን ነው። እሱም ሁለት ልጆች አሉት። አንዱ የሰው አካል ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው። ሌላው ለመኪናና ለንብረት ሲሆን በአጭሩ ዩኤምፒዲ ይባላል። ሁለቱ በየራሳቸው የሚገዙ ናቸው፤ አንዱ አለኝ ማለት ሌላው አለኝ ማለት አይደለም። ሰው በብዛት የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

በሕግ በአብዛኛው ቦታ የግድ የሆነው የመጀመሪያው፣ ላያቢሊቲው ነው። በአሜሪካ ይህን ቀድማ ያስገደደችው ማሳቹሴትስ ናት፣ በ1927 እንደ ፈረንጆቹ። ሌሎቹ ቀስ በቀስ ተከተሉ፤ ኒው ሃምፕሸር ግን እስካሁን የመኪና ኢንሹራንስ ግዙ ብላ አታስገድድም። የሕጉ ሐሳብ መንገድ ላይ የተጎዳ ሰው ካሣ የሚጠይቀው አካል እንዲያገኝ ነበር። የገጪው መኪና እንዲሠራ፣ ወይም የተገጪው ሰው ከሌላው ሕገ ወጥነት እንዲድን ተብሎ አልነበረም።

## ሕጉ ካስገደደ ታዲያ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ከየት ይመጣል?

በብዛት ይመጣል። በዘርፉ ጥናት የሚያደርገው የአሜሪካው ኢንሹራንስ ሪሰርች ካውንስል በ2023 ከሹፌሮቹ 15.4 በመቶ የሚሆኑት ኢንሹራንስ እንዳልነበራቸው ገምቷል። ከ6 ወይም ከ7 ሹፌር አንዱ ማለት ነው። መብራት ላይ ስትቆሙ በዙሪያችሁ ያሉትን መኪኖች ቁጠሩ።

ሁሉም አውቆ ሕግ የሚጥስ አይደለም። አንዱ ታርጋ ለማውጣት ሲል የመጀመሪያውን ወር ከፍሎ ከዚያ ያቆማል፤ ካርዱ ግን ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ተቀምጧል፣ ላየው ሰው ደህና ወረቀት ነው። ሌላው የባንክ ካርዱ ተቀይሮ አውቶማቲክ ክፍያው አልሄደለትም፤ ማስጠንቀቂያው በፖስታ መጥቶለት ሳይከፍተው ቀርቷል። ለኢንሹራንስ በየጊዜው የሚከፈለው ፕሪሚየም ሲወደድ ደግሞ የቤት ኪራይና ኢንሹራንስ ተፋጠው ኪራዩ የሚያሸንፍበት ቤት ብዙ ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ለየት ያለ ነገር ነበር። ኢንሹራንስ መግዛት የማይፈልግ ሰው ለመንግሥት 500 ዶላር ከፍሎ መኪናውን አስመዝግቦ በሕጋዊ መንገድ ይነዳ ነበር። በ500ው የሚገዛው ሽፋን የለም። ሰው ቢገጭ ከኪሱ ነው፤ ኪሱ ባዶ ከሆነ ደግሞ የተገጪው ዕዳ ነው። ብዙ ሰው ክፍያውን ርካሽ ኢንሹራንስ አድርጎ ነበር የሚያየው። ይህ አሠራር ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ቀርቷል።

## «ኢንሹራንስ የሌለው» የሚባለው በትክክል ማን ነው?

ጭራሽ ያልገዛው ብቻ አይደለም። እንደየስቴቱና እንደየውሉ ቢለያይም በአብዛኛው እነዚህም ይገቡበታል፦ ውሉ ከግጭቱ በፊት የተቋረጠበት፤ ኢንሹራንሱ ለመኪናው ኖሮ ይህ ሹፌር ግን በስሙ ተጠቅሶ ከውሉ የወጣ፤ ኩባንያው «ይህን አልከፍልም» ብሎ የመለሰበት፤ ኩባንያው ራሱ የከሰረበት። የተሰረቀ መኪና የሚነዳ ሌባም አለ፤ የመኪናው ባለቤት ኢንሹራንስ ቢኖረውም ለሌባው ላይሆን ይችላል። ገጭቶ ያመለጠው ደግሞ የራሱ ጣጣ ስላለው ለብቻው እንመለስበታለን።

ኢንሹራንስ ኖሮት ያነሰበት ሰውም አለ፤ አንደርኢንሹርድ ይባላል። ካሊፎርኒያን እንውሰድ። እዚያ አንድ ሹፌር ለሌላ ሰው ንብረት የግድ መያዝ ያለበት ሽፋን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት 5,000 ዶላር ብቻ ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ወዲህ 15,000 ሆኗል። 15,000 ብዙ ይመስላል፤ ግን አንዱ ሹፌር በአንድ ግጭት ሦስት መኪና ከደረደረ 15,000ው ለሦስቱ ነው የሚከፋፈለው። የጎደለውን ከማን ታገኛላችሁ? ዩኤምፒዲ በአንዳንድ ስቴት ይህንን ጉድለትም ይሞላል፣ በአንዳንዱ ግን ጭራሽ ኢንሹራንስ ለሌለው ብቻ ነው። ካሊፎርኒያ ከሁለተኞቹ ናት።

## ዩኤምፒዲ እንዴት ነው የሚሠራው?

ሐሳቡ ቀላል ነው። የገጫችሁ ሰው ኢንሹራንስ ቢኖረው ኖሮ የእሱ ኩባንያ ይከፍላችሁ ነበር። ያ ኩባንያ የለም። ስለዚህ የእናንተው ኩባንያ የሌለውን ኩባንያ ቦታ ተክቶ ይቆማል። «ይህ ልጅ ኢንሹራንስ ቢኖረው ስንት ይከፈላችሁ ነበር?» ብሎ አስልቶ፣ እናንተ በገዛችሁት ጣሪያ ልክ ይከፍላል።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል፣ ሰው የማይወደው። የራሳችሁ ኩባንያ ቦታ ስለቀየረ ጥያቄ ይጠይቃችኋል። ኮሊዥን ላይ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ለክፍያው ለውጥ የለውም። እዚህ ግን ጥፋቱ የሌላው ሰው መሆኑን፣ ያ ሰው ደግሞ ኢንሹራንስ የሌለው መሆኑን ማሳየት አለባችሁ። የፖሊስ ሪፖርት፣ ፎቶ፣ ምስክር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ዓመት ሙሉ ስትከፍሉት የነበረው ኩባንያ እንደ ባለጋራ ሲጠይቃችሁ ያናድዳል፤ ውሉ ግን እንደዚያ ነው የተጻፈው።

ጣሪያው ከስቴት ስቴት እንደ ሰማይና ምድር ይራራቃል። ቨርጂኒያ ውስጥ ይህ ሽፋን በመኪና ኢንሹራንሱ ውስጥ የግድ አብሮ የሚመጣ ሲሆን ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ለንብረት ዝቅተኛው 25,000 ዶላር ነው። ማዶ ሜሪላንድም የግድ ነው፣ ዝቅተኛው 15,000። ወንዙን ተሻግራችሁ ዋሽንግተን ዲሲ ስትገቡ ዝቅተኛው 5,000 ይሆናል፣ ከዚያም ላይ 200 ዶላር ዲዳክቲብል አለበት። ሦስቱ ቦታዎች በግማሽ ሰዓት መንዳት ይዳረሳሉ። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ3,500 ዶላር በላይ አትከፍልም፤ ጨምሬ ልግዛ ብትሉም የለም። ኒው ዮርክና ፍሎሪዳ ጭራሹን አንኢንሹርድ ሞተሪስት የሚሉት ለሰው አካል ነው፤ መኪናውን አይመለከትም። እዚያ መኪናችሁን የሚያድነው ኮሊዥን ነው።

«ጓደኛዬ እኮ ተከፈለው» የሚለው ወሬ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ጓደኛችሁ የትኛው ስቴት ነው ያለው?

## ኮሊዥን ካለኝ ይህ ለምን ያስፈልገኛል?

ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ኮሊዥን ካላችሁ የገጫችሁ ሰው ኢንሹራንስ ኖረውም አልኖረውም መኪናችሁ ይሠራል። ጥያቄው ዲዳክቲብሉ ብቻ ነው።

ከላይ ባለው ምሳሌ እንሂድ። ጥገናው 4,600፣ የኮሊዥን ዲዳክቲብል 1,000። በኮሊዥን በኩል ከሄዳችሁ ምንም ሳታጠፉ 1,000 ዶላር ከኪሳችሁ ይወጣል። ዲሲ ውስጥ በዩኤምፒዲ በኩል ብትሄዱ 200 ብቻ። በሁለቱ መሀል ያለው 800 ዶላር ነው፤ ጥያቄ ስታቀርቡ የትኛውን በር እንደምታንኳኩ ካልተናገራችሁ ደግሞ ሁልጊዜ የሚሻላችሁ በር ይከፈታል ማለት አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮሊዥን ያለው ሰው ዩኤምፒዲ አይገዛም፤ በምትኩ ገጪው ኢንሹራንስ ከሌለው ዲዳክቲብሉን የሚያነሣ ትንሽ ተጨማሪ አለ።

ይህ ሽፋን በእውነት የሚያድነው ሌላ ሰው ነው፦ አሮጌ መኪና የሚነዳ፣ ብድሩን የጨረሰና ኮሊዥኑን የሰረዘ። መኪናዬ 3,000 ዶላር ብታወጣ ነው፣ ለእሷ ኮሊዥን ምን ያደርጋል ብሎ ላያቢሊቲ ብቻ የያዘ። ስሌቱ ትክክል ነው። ግን እቺው የ3,000 ዶላር መኪና ናት ጠዋት ሥራ የምታደርሰው። ለእሱ የካሊፎርኒያው 3,500 እንኳ ሙሉ መኪና ነው።

መኪናው ከጥቅም ውጭ ከሆነስ? እንግዲህ ቶታል የሚሉት ይሄ ነው። የሚከፈላችሁ መኪናው ከግጭቱ አንድ ደቂቃ በፊት ገበያ ላይ የሚያወጣው ዋጋ ነው። የገዛችሁበት ዋጋ አይደለም፤ ባንክ ያለባችሁ ቀሪ ዕዳም አይደለም። 14,000 ዶላር ዕዳ ያለበት መኪና ገበያ ላይ 11,000 የሚያወጣ ከሆነ፣ 11,000ው ለባንኩ ይሄድና እናንተ መኪና ሳይኖራችሁ 3,000 ዕዳ ይቀራችኋል። ይህን ልዩነት የሚሸፍን ጋፕ የሚባል ሌላ ውል አለ፤ የዛሬ ርዕሳችን አይደለም፣ ግን ብድር ያለበት ሰው ይጠይቅ።

## ገጭቶ ቢያመልጥስ?

አሁን ወደ ጣጣው ገባን። ጠዋት ወጥታችሁ መኪናችሁን ስታዩ የግራ ፓራፋንጎው ገብቷል፣ ስፖኪዮው ተንጠልጥሏል። ማን? አይታወቅም።

ሎጂኩ «ያመለጠ ሰው ኢንሹራንስ እንደሌለው ይቆጠራል» ይላል፤ ለሰው አካል በአብዛኛው እንደዚያ ነው የሚሠራው። ለመኪና ግን ኩባንያዎችና ሕግ አውጪዎች ጠንቀቅ ይላሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ፓርኪንግ ውስጥ ራሱ ምሰሶ ገጭቶ «አንዱ ገጭቶኝ ሄደ» የሚል ሰው አይጠፋም። ምሰሶው አይናገር። ስለዚህ ካሊፎርኒያ ዩኤምፒዲ እንዲከፈል ወይ መኪናው ወይ ሹፌሩ መታወቅ አለበት ትላለች፤ ታርጋው ከተያዘ ይበቃል። ቨርጂኒያ ባልታወቀ ሹፌር ምክንያት ለደረሰ ጉዳትም ትፈቅዳለች፣ ነገር ግን ኩባንያው የመጀመሪያውን 200 ዶላር ሊቀንስ ይችላል።

ሌላም ወጥመድ አለ። አንዱ መስመራችሁ ውስጥ ዘሎ ገባ፣ እናንተ እሱን ላለመምታት መሪ አጠማዛችሁና የመንገድ ጠርዝ ላይ ወጣችሁ። እሱ ሳይነካችሁ ሄደ። ካሊፎርኒያን በመሰሉ ቦታዎች መኪና ከመኪና ካልተነካካ ዩኤምፒዲ የለም። እንዲህ ያለው ላይ የሚደርስላችሁ ኮሊዥን ነው፣ ካላችሁ።

ዳሽካም፣ መኪና ውስጥ ተገጥሞ መንገዱን የሚቀርጸው ካሜራ፣ ለአድናቂዎች ብቻ የሚሆን ዕቃ ይመስለኝ ነበር። እነዚህን ሕጎች ካነበብኩ በኋላ ግን አይመስለኝም።

## ልጁን ብከሰውስ?

ትችላላችሁ። ለትንንሽ ገንዘብ ያለ ጠበቃ የሚኬድበት ፍርድ ቤትም አለ፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለምሳሌ አንድ ግለሰብ እስከ 12,500 ዶላር ድረስ በዚያ መጠየቅ ይችላል። ልጁ ጥፋቱን አምኗል፣ ፎቶው አለ፤ ታሸንፉታላችሁ።

ከዚያስ? ፍርዱ ወረቀት ነው። ፍርድ ቤቱ ገንዘቡን ሰብስቦ አይሰጣችሁም፤ ደመወዙ እንዲያዝ፣ የባንክ ሒሳቡ እንዲታገድ የምትሯሯጡት እናንተ ናችሁ። የኢንሹራንሱን ወርሃዊ ክፍያ መክፈል ያቃተው ሰው ደግሞ 4,600 ዶላር በአንዴ ከየት ያመጣል? በብዙ ስቴቶች የመኪና አደጋ ፍርድ ያልከፈለ ሰው መንጃ ፈቃዱ ሊታገድ ይችላል፤ ይህ አንዳንዱን በየወሩ ትንሽ ትንሽ እንዲከፍል ያስገድደዋል። ሌላው ግን ያለ መንጃ ፈቃድም፣ ያለ ኢንሹራንስም መንዳቱን ይቀጥላል።

በኢንሹራንሳችሁ በኩል ከሄዳችሁ ግን ይህ ሩጫ የኩባንያው ይሆናል። ለእናንተ ከከፈለ በኋላ በእናንተ እግር ተተክቶ ልጁን መጠየቅ ይችላል። የሕግ ሰዎች ሰብሮጌሽን ይሉታል። ሲሳካለት ዲዳክቲብላችሁ በሙሉም በከፊልም ሊመለስ ይችላል፤ ወር ሊፈጅ ይችላል፣ ዓመትም።

## «ፖሊስ አትጥራ፣ እኔው አሠራልሃለሁ» ካለኝስ?

ወደ ልጁ እንመለስ። ፊቱ ያሳዝናል። ምናልባትም የምሩን ነው። ኪሱ ውስጥ 300 ዶላር አለ፣ «ይኸው ያዝ፣ ቀሪውን ዓርብ» ይላል።

ፓራውልቱን ከውጭ ስታዩት የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ነው። ጋራዥ ገብቶ ሲፈታ ግን ከጀርባው ያለው ብረት ተጣሟል፣ ወደኋላ ስትነዱ ጢጥ ጢጥ የሚለው ሴንሰር ተሰብሯል፣ ካሜራው ከመስመር ወጥቷል፣ ይህ ሁሉ ተቀይሮ እንደገና መስተካከል አለበት። በዓይን 500 ዶላር የተባለው በፋክቱር ብዙ እጥፍ ሲሆን ማየት የተለመደ ነው። እስከዚያ ዓርብ አልፏል፤ የልጁ ስልክ አይነሣም። ኢንሹራንሳችሁ ጋ ስትደውሉ ደግሞ «ለምን ያን ቀን አላሳወቃችሁም? ሪፖርቱ የት አለ?» ነው መልሱ። ውሎች በቶሎ አሳውቁ ይላሉ፤ መዘግየት ራሱ መከልከያ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን «ሙሉ በሙሉ ተካስኩ» የሚል ወረቀት ላይ መፈረም ነው። ያን ጊዜ ልጁን የመጠየቅ መብት አለቀ። የእናንተ መብት ሲያልቅ ኩባንያው በእናንተ እግር የሚተካበትም ነገር አብሮ ስለሚያልቅ፣ ኩባንያው በዚህ ምክንያት አልከፍልም ሊል ይችላል። 300 ዶላር ተቀብሎ ሽፋንን መሸጥ ማለት ነው።

ስለዚህ እያዘናችሁም ቢሆን ፖሊስ ጥሩ። መኪኖቹ ሳይነሡ ፎቶ አንሡ፦ ታርጋው፣ የሁለቱ መኪኖች አቋቋም፣ መንጃ ፈቃዱ። የኢንሹራንስ ካርድ ካሳያችሁ ደግሞ ስሙን አይታችሁ አትለፉት፣ የሚያበቃበትን ቀንም አንሡ። ካርዱ ላይ ያለው ቀን ደህና ቢሆንም እንኳ ውሉ ከመሀል ተቋርጦ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ኩባንያችሁ ያጣራል። የቆሙ ሰዎች ካሉ ስልካቸውን ጠይቁ። ያን ዕለት ለኢንሹራንሳችሁ ደውሉ።

## ብጠይቅ ፕሪሚየሜ አይጨምርም?

ይህ ፍርሃት ብዙ ሰው መብቱን እንዲተው ያደርጋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1988 ሕዝብ በድምፁ ያጸደቀው ሕግ በዋናነት ጥፋተኛ ባልሆኑበት ግጭት ምክንያት ዋጋ መጨመርን ይከለክላል። ሌላ ቦታ ሕጉ ይለያያል፤ የሚከለክል አለ፣ ለኩባንያው የሚተውም አለ። ከመጠየቃችሁ በፊት የስቴታችሁን የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ደውሎ መጠየቅ ነፃ ነው። ኩባንያውን ራሱን ከመጠየቅ እሱ ይሻላል።

## ኢንሹራንስ የሌለኝ እኔ ብሆንና ሌላው ሰው ቢገጨኝስ?

የገጫችሁ ሰው ላያቢሊቲ መኪናችሁን ሊያሠራ ይገደዳል፤ ጥፋቱ ጥፋት ነው። ግን አንዳንድ ስቴቶች ላልከፈለ ሰው ሙሉ ካሣ አይፈቅዱም። ካሊፎርኒያ ከ1996 ጀምሮ ያለ ኢንሹራንስ የሚነዳ ሰው ተገጭቶ ቢጎዳ የሕክምናና የጥገና ወጪውን እንጂ የሕመምና የሥቃይ ካሣ እንዳይጠይቅ ትከለክላለች። ዩኤምፒዲ ደግሞ በራሳችሁ የኢንሹራንስ ውል ላይ የሚቀጠል ነገር ስለሆነ፣ ውል ከሌለ እሱም የለም።

## ሌሎች አገሮችስ?

እንግሊዞች ሌላ መንገድ ሄዱ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስን በ1930 ካስገደዱ በኋላ፣ ኢንሹራንስ በሌላቸው ሹፌሮች የተጎዱ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ሲቀሩ በ1946 ኩባንያዎቹ ተሰባስበው የሞተር ኢንሹራንስ ቢሮ አቋቋሙ። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ቢገጫችሁ ለዚህ ቢሮ ታመለክታላችሁ። ገንዘቡ የሚመጣው ከኩባንያዎቹ መዋጮ ነው፤ የኩባንያዎቹ ደግሞ ከደንበኞቻቸው ፕሪሚየም። የከፈለው ላልከፈለው ይከፍላል ማለት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ለራሱ ይገዛል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ተመሳሳይ ፈንድ እንዲኖራቸው ግዴታ አለባቸው፤ ሆኖም ያልታወቀ መኪና ለሚያደርሰው የንብረት ጉዳት አገሮቹ ክፍያውን መገደብ ወይም መተው ይችላሉ፣ በዚያው አደጋ ሰው ክፉኛ ካልተጎዳ በስተቀር። የምሰሶዋ ነገር እዚያም አለች።

ደቡብ አፍሪካ ከነዳጅ ላይ በሚሰበሰብ ቀረጥ የሚተዳደር የመንገድ አደጋ ፈንድ አላት፤ የሚክሰው ሰውን ነው፣ መኪናን አይደለም። ኒው ዚላንድም ከ1974 ጀምሮ በአደጋ የተጎዳን ሰው ጥፋተኛ ሳይፈለግ የሚያሳክም ሥርዓት አላት፤ የመኪና ኢንሹራንስ ግን ግዴታ አይደለም፣ ስለዚህ መኪናው የባለቤቱ ጉዳይ ነው። አውስትራሊያ ውስጥም የግዴታው ኢንሹራንስ ለሰው ነው፤ አንዳንድ ኩባንያዎች የሦስተኛ ወገን የንብረት ውል ላይ ኢንሹራንስ በሌለው ሹፌር ለሚደርስ ጉዳት የተወሰነ ገንዘብ ይጨምሩበታል።

## ይኑረኝ አይኑረኝ በምን ላውቅ?

ኢንሹራንስ ስትገዙ ወይም ስታድሱ የሚላክላችሁ ሰነድ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ገጾች ሠንጠረዥ ናቸው። በግራ የሽፋኑ ስም፣ በመሀል ጣሪያው፣ በቀኝ ለእሱ የምትከፍሉት። አንኢንሹርድ ሞተሪስት የሚለውን ፈልጉ። ሁለት ቁጥር በእዝባር (/) ተለይቶ ካያችሁ፣ ለምሳሌ 50 ሺህና 100 ሺህ፣ እሱ የሰው ነው፤ አንደኛው ለአንድ ሰው፣ ሌላው ለአንድ አደጋ። የመኪናው ንብረት የሚል ቃል ይዞ ለብቻው በራሱ መስመር ወይም በሦስተኛ ቁጥርነት ነው የሚመጣው። አጠገቡ ዲዳክቲብል ካለ ይጻፋል።

መስመሩ ከሌለ ወይም «ሪጀክትድ» የሚል ካለ፣ ኤጀንቱ ጋ ደውላችሁ ለምን እንደሌለ ጠይቁ። በብዙ ቦታ ይህን ሽፋን አልፈልግም የሚለው በጽሑፍ ነው፤ ኤጀንቱ ፋይሉን ከፍቶ «ይኸው፣ ሲገዙ እዚህ ጋ ፈርመዋል» ሊላችሁ ይችላል። ኦንላይን ስትገዙ ቶሎ ቶሎ ከተጫናችኋቸው ሣጥኖች አንዱ ነበር። ዛሬ ማስጨመር ትችላላችሁ፤ የሚሠራው ግን ከዛሬ ወዲያ ለሚመጣው ግጭት ነው።